64 ፖስታ፦ ፎቶን ወደ ባለቤቱ ለመመለስ ከአዲስ አበባ እስከ ኮንሶ

ለልማት ድርጅት የሚነሣ ፎቶ ብዙ ቦታ ይደርሳል። በዓመታዊ ሪፖርት ይታተማል፣ በካሌንደር ይሰቀላል፣ ረጂዎች ቢሮ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ፎቶው ውስጥ ያለችው እናት ግን ብዙ ጊዜ አታየውም። የዚህ ጉዞ ዓላማ ይህን ማስተካከል ነበር።

በውሃ፣ በቁጠባና በአፈር ጥበቃ ላይ የሚሠራ አንድ አገር በቀል የልማት ድርጅት ባለፈው ዓመት በወላይታ፣ በጋሞና በኮንሶ ዞኖች ካስነሣቸው ፎቶዎች 112ቱ ለሕዝብ ወጥተዋል። ሁሉም በ13 በ18 ሳንቲ ሜትር ታተሙ። ፎቶ ቤቱ ለአንዱ 40 ብር አስከፈለን፤ በድምሩ 4,480 ብር። ከዚያ በ64 ፖስታ ተከፋፈሉ፤ 21 ለወላይታ፣ 18 ለጋሞ፣ 25 ለኮንሶ። በየፖስታው ላይ ስም፣ ቀበሌ፣ መንደርና የተነሣበት ቀን ተጻፈ፤ ከፎቶው ጋር የወጣው ጽሑፍም ቃል በቃል ተገለበጠ። ላሚኔት አላስደረግናቸውም። ጭስ በሚበዛበት ቤት የላሚኔቱ ጠርዝ ይከፈትና እርጥበት ገብቶ ፎቶውን ይልጠዋል፤ ቀጭን የፕላስቲክ ከረጢት ይሻላል።

ለዚህ ሥራ ገንዘብ የሚገኘው በጀት ሲዘጋጅ ከታሰበበት ብቻ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ ፋይናንስ ክፍል መደቡ ያልታወቀ ወጪ ሲመጣለት በዚያ 20 በመቶ ውስጥ እንዳይቆጠርበት ይሰጋል፤ ስጋቱም ተገቢ ነው። የፎቶ ሕትመቱና የማድረሻው ነዳጅ በፕሮጀክት ሰነዱ ውስጥ «ለማኅበረሰቡ የሚሰጥ ግብረ መልስ» ተብሎ ከመጀመሪያው ከተዘረዘረ ግን ክርክር አይነሣም።

ሰኞ፣ ጥር 5 ቀን 2017፦ አዲስ አበባ፣ ቡታጅራ፣ ሆሳዕና፣ ሶዶ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ከጀሞ ወጣን። ወደ አርባ ምንጭ ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ በሞጆና በሻሸመኔ ይዞራል፣ ሌላው ከአለም ገና ታጥፎ በቡታጅራ፣ በወራቤና በሆሳዕና ይወርዳል። ሁለተኛው ያጥራል። ችግሩ ከቡታጅራ በኋላ በየከተማው መግቢያ ባጃጅ፣ ጋሪና ከብት አንድ ላይ መንገዱን ስለሚይዙት በካርታ ላይ የሚታየው ሰዓት የማይሠራ መሆኑ ነው። ቡታጅራ 3 ሰዓት ላይ ደርሰን ቁርስ በላን። ፉል 120 ብር፣ ቡና 25 ብር። ክትፎና ቆጮው ለመመለሻ ቀረ።

ናፍጣ ሆሳዕና ላይ ለመሙላት አስበን ነበር። ናፍጣው አለ፤ የተቋረጠው ኢንተርኔቱ ነው። የነዳጅ ክፍያ በቴሌብርና በመሳሰሉት እንጂ በጥሬ ገንዘብ ስለማይፈጸም ኔትወርክ ሲጠፋ ሽያጩም አብሮ ይቆማል። አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ቆምን። ማደያው ውስጥ ሊትሩ 99 ብር ገደማ ነበር፤ መንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጡት 150 ጠየቁ። የጀሪካን ናፍጣ ደረሰኝ ስለሌለው ሒሳብ አይወራረድበትም፤ ከዚያ የሚከፋው ውሃ ወይም ቆሻሻ ካለው ኢንጀክተሩን ማበላሸቱ ነው። በዚህ መስመር የሚሄድ ሰው ታንከሩ ግማሽ ሲደርስ ባገኘው ማደያ ይሙላ፤ ቴሌብሩ ላይም ቢያንስ የሁለት ሙሌት ገንዘብ አስቀድሞ ያስገባ።

ሶዶ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ገባን፤ መኝታ 900 ብር። ማታ የካሜራዎቹን ሰዓት አስተካከልን። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ብዙ ሥራ የሚያበላሸው ግን እሱ ነው። ባለፈው ዓመት አንዱ ካሜራ በእኛ ሰዓት፣ ሌላው በፈረንጁ ተሞልቶ ነበር። ደብተር ላይ «ረፋድ 4 ሰዓት» የተባለው ቃለ መጠይቅ በአንዱ 4፡00፣ በሌላው 10፡00 ይላል። ፎቶዎቹ በሰዓት ቅደም ተከተል ሲደረደሩ የአንዱ መንደር ሰው ከሌላው መንደር ጋር ተደባለቀ። አሁን ካሜራዎቹም ድምፅ መቅጃውም በ24 ሰዓት አቆጣጠርና በጎርጎርዮሳዊው ቀን ይሞላሉ። ጠዋት ጠዋት ሁለቱም ካሜራዎች የአንድን ስልክ ሰዓት ፎቶ ያነሣሉ፤ ልዩነት ካለ በዚያ ይታረማል። ደብተሩ ላይ ሁለቱም ቀኖች ጎን ለጎን ይጻፋሉ፦ ጥር 5፣ ጃንዋሪ 13።

ማክሰኞ፣ ጥር 6፦ ሶዶ፣ ሁምቦ፣ አርባ ምንጭ

ቀኑ በደብዳቤ ተጀመረ። የድጋፍ ደብዳቤ ከድርጅቱ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ይወርዳል፤ በየደረጃው መዝገብ ቤት ቁጥር ይሰጠዋል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ይመታበታል። የእኛ ደብዳቤ የተጻፈው በአሮጌ ቅጽ ላይ ነበር፤ አድራሻው አሁንም «ደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል» ይላል። ወላይታ፣ ጋሞና ኮንሶ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ናቸው፤ ትናንት ያለፍንባት ሆሳዕና ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ናት። በሌለ ክልል ስም የተጻፈ ደብዳቤ አልቀበልም ያለው ባለሙያ ትክክል ነው። ስካን የተደረገ አዲስ ደብዳቤ ከአዲስ አበባ እስኪላክ፣ በአንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት እስኪታተምና እስኪመዘገብ ሁለት ሰዓት ተኩል አለፈ። ለሦስቱ ዞኖች ሦስት የተለያዩ ዋና ደብዳቤዎችና የእያንዳንዳቸው አራት ግልባጭ ይዞ መነሣት ነው የሚበጀው።

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርዱ ሁምቦ ይገኛል። እዚህ ያለው ተራራ በልማት ኮሙኒኬሽን ለሚሠራ ሁሉ ትምህርት ቤት ነው። ተራቁቶ የነበረውን 2,728 ሄክታር ወርልድ ቪዥንና ሰባት የአካባቢው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከንክኪ ከለሉት፤ ከመሬት በታች በሕይወት የቆዩት ሥሮችና ጉቶዎች አቆጠቆጡ፤ ገበሬው ጠንካራውን ቡቃያ እየመረጠ ሌላውን እየገረዘ ደኑን መለሰ። በ2009 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ስልት ተመዝግቦ ደኑ ከአየር ከሚያስቀረው ካርቦን ሽያጭ ገቢ ማግኘት ቻለ። ይህን ለማያውቅ ሰው በቃላት ማስረዳት ከባድ ነው፤ «ያኔ» እና «አሁን» የሚሉ ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ወዲያው ይገባዋል።

ሁለቱ ፎቶዎች እውነት እንዲናገሩ ከአንድ ነጥብ መነሣት አለባቸው። ድርጅቱ በአቅራቢያው ባለ አንድ ቦረቦር ላይ ባለፈው ዓመት የተከላቸውን ሁለት የፎቶ ነጥቦች ጎበኘን። አሠራሩ ቀላል ነው። ቀይ ቀለም የተቀባ ድንጋይ በሲሚንቶ ይተከላል፣ የጂፒኤስ ቁጥሩ ይመዘገባል፣ ካሜራው በትራይፖድ አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ላይ ይቆማል፣ በኮምፓስ አቅጣጫው ይለካል፣ 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ብቻ ይገባል። በማይንቀሳቀስ ነገር፣ ለምሳሌ በቋጥኝ ወይም በተራራ ጫፍ፣ የፎቶው ግራ ጠርዝ ይለያል። የባለፈው ዓመት ፎቶ ታትሞ በእጅ ተይዞ ካሜራው እስኪገጥም ይስተካከላል። ወሩም አንድ መሆን አለበት። «ያኔ»ን በጥር ድርቅ፣ «አሁን»ን በነሐሴ ልምላሜ አንሥቶ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ማታለል ነው፤ ብዙ ሪፖርት ላይ የምናየው አረንጓዴ ለውጥ ከዝናብ በቀር ምንም ያላየ ነው። ከሁለቱ ድንጋዮች አንዱ ተነቅሎ ስለነበር በጂፒኤሱና በቋጥኙ እየተመራን እንደገና ተከልነው።

ምሳ በሥጋ ቤት፦ ግማሽ ኪሎ ጥሬ ሥጋ ከዳታ ጋር፣ 450 ብር። ዳታው ከአረንጓዴ ቃሪያና ከቅመም ይፈጫል፤ ከአዲስ አበባ አዋዜ ይልቅ ትኩስነቱ አፍንጫ ላይ ይወጣል።

ከሰዓት በኋላ በአንድ ቀበሌ የቁጠባና ብድር ማኅበር ስብሰባ ላይ ፖስታዎቹ ወጡ። ማኅበሩ የብረት ሣጥን አለው፤ ሦስት ቁልፍ፣ ሦስቱም በተለያዩ አባላት እጅ። ሣጥኑ ከነቁልፍ ያዦቹ ፊት፣ ወይም ቤቱ የሚለይበት ፎቶ አይነሣም፤ የገንዘቡን መጠን ከመንደሩ ስም ጋር ማውጣትም ሌባ መጥራት ነው። ስም እየተጠራ ፖስታ ሲታደል አንዲት እናት ፎቶውን አይተው ይህ እኔ አይደለሁም አሉ። ከጎናቸው የተቀመጡት ተቀብለው አዩት፤ የእሳቸው ፊት ነው። የሁለቱ ሴቶች ስም ተለዋውጦ 600 ቅጂ በታተመ ሪፖርት ላይ ወጥቷል። ስም ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ከፎቶው ሥር «በቀን ሥራ ትተዳደር የነበረች» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ይህ ታሪክ የሌላዋ ነው። የራሳቸውን ማሳ እያረሱ ልጆች ያሳደጉ ሴት ለሰው ያድሩ ነበር ተብሎ ሲጻፍባቸው ቢያዝኑ እውነታቸውን ነው።

ስሕተቱ የተፈጠረው 14 ሰው በተከታታይ ተነሥቶ ስማቸው ማታ ሆቴል ውስጥ በትዝታ ስለተጻፈ ነው። ዛሬ ከእያንዳንዱ ሰው በፊት ስሙ የተጻፈበት የደብተር ገጽ ይነሣል፤ ከዚያ የሰውየው ፎቶዎች ይከተላሉ። ስሙ በአማርኛ ተጽፎ ለራሱ ወይም ማንበብ ለሚችል ልጁ ይነበብለታል። ከመለያየት በፊት ከፎቶው ሥር የሚወጣው ጽሑፍ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይነገረዋል፤ ይታረማል። ለአንድ ሰው ስድስት ደቂቃ ገደማ ይጨምራል። ለሁለቱ እናቶች የድርጅቱ ኃላፊ የሚፈርምበት የይቅርታ ደብዳቤ እንዲጻፍ፣ በድረ ገጹ ያለው እንዲታረም፣ ያልተሠራጩት 210 ቅጂዎች ላይ ማረሚያ እንዲለጠፍ በዚያው ማታ ተላከ።

ከ21ዱ ፖስታዎች 19ኙ ደረሱ። የአንዱ ፖስታ ባለቤት ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ሄዳለች፣ ሌላው ወደ ሻሸመኔ ተዛውሯል።

ረቡዕ፣ ጥር 7፦ ጨንቻ

አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር እንኳ አትሞላም፤ ጨንቻ 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ከሙዝና ማንጎ ወደ እንሰትና ጉም ይወጣል። ከታች ሲነሡ ሸሚዝ፣ ከላይ ሲደርሱ ጋቢ። ዳገቱ በኮረኮንች ስለሚጠማዘዝ ካሜራዎቹ ከወለሉ ላይ ተነሥተው በሰው ጭን ተያዙ፤ ንቅናቄው የሌንስ ብሎኖችን ያላላል። ሲመለሱ ደግሞ ቀዝቃዛው ካሜራ እርጥብ ሙቀት ሲያገኘው ሌንሱ ላይ ላብ ይቋጥራል። ቦርሳውን ዘግቶ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው መፍትሔው፤ በጨርቅ መወልወል ጭረት ያመጣል።

መጀመሪያ የጎለበተውን ምንጭ አየን። በሪፖርቱ «1,200 ሰዎች ንጹሕ ውሃ አገኙ» ተብሏል። የውሃ ኮሚቴው መዝገብ ግን 146 አባወራ ይላል፤ በቤት አምስት ሰው ቢታሰብ 730። ቁጥሩ የተጋነነው በክፋት አይደለም። 1,200 የዲዛይኑ አቅም ነው፤ መሐንዲሱ ምንጩ በቀን የሚሰጠውን ውሃ ለገጠር በተያዘው መለኪያ፣ በሰው በቀን 25 ሊትር፣ አካፍሎ ያገኘው። ኮሙኒኬሽን ክፍል ያንን ቁጥር ወስዶ «አገኙ» አለው። «ለ1,200 ሰው እንዲበቃ ተሠርቷል፤ ዛሬ 146 አባወራ ተመዝግቦ ይጠቀማል» ማለት ይቻላል፤ ያምራልም። በዚህ አገር የልማት ሥራ ላይ ያለው እምነት የሚሸረሸረው በእንዲህ ዓይነት የተጠጋጋ ቁጥር ነው። ከስድስቱ የቦኖ ቧንቧዎች አንዱ ይንጠባጠባል። ጎማው አልቋል፤ አርባ ምንጭ ገበያ ላይ የሚገኝ ዕቃ ነው። ጀሪካን በ1 ብር እየሸጠ የሚያጠራቅመው ኮሚቴ ገንዘቡ አለው፤ የጎደለው ወደ ከተማ የሚሄድ ሰው ነበርና ማታ ተገዝቶ በሹፌር ተላከለት።

ከረጂዎቹ አንዱ ሴቶቹ ባነር ይዘው ቧንቧው አጠገብ እንዲነሡ ጠይቆ ነበር። አላደረግነውም። ባነር የያዘ ሰው እጁ ይታሰራል፣ ፊቱ ይቆጣል፣ ፎቶው ለሌላ አገልግሎት አይውልም። በቦኖው ግንብ ላይ ያለው የድርጅቶቹ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ከበስተጀርባ እንዲታይ ማድረግ ለሁሉም ይበቃል።

የዶርዜ ቤት ውስጡ ጨለማ ነው። ፍላሽ ጭሱንና የቀርከሃውን ሽምን ያጠፋዋል። ሰውየውን በበሩ ልክ አንድ ሜትር ገባ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ነጭ ነጠላ ከፊቱ ዘርግቶ ብርሃኑን ወደ ፊቱ መመለስ፣ የብርሃን ልኬቱን ከፊቱ ላይ መውሰድ። ካሜራ በራሱ ከተተወ የበሩን ነጭ ብርሃን አይቶ ፊቱን ያጠቁረዋል። በሽመናው ጉድጓድ ላይ መወርወሪያው ሲሮጥ እንዲታይ ከተፈለገ የካሜራው መዝጊያ ፍጥነት 1/30 ሰከንድ፣ እጁ ጥርት እንዲል 1/250።

እዚህ ቱሪስት ስለሚመጣ ፎቶ ዋጋ አለው፤ መጠየቃቸውም አግባብ ነው። ለታሪክ ገንዘብ ከተከፈለ ግን ሰው የሚከፈልበትን ታሪክ መናገር ይጀምራል። የድርጅቱ መንገድ ይህ ነው፦ ለፎቶ አይከፈልም፤ ሥራ ለሚያስፈታ ረጅም ቃለ መጠይቅ አንድ ኪሎ ቡናና ሁለት ኪሎ ስኳር ለቤቱ ይሰጣል፤ ፎቶው ታትሞ ይመለሳል። ዛሬ ፖስታዎቹን እንደያዝን ስለታየ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም። ቆጮ ከማርና ከዳታ ጋር ቀረበልን።

የቃለ መጠይቁ አስተርጓሚ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች። ከዚህ በፊት የፕሮጀክቱ ባለሙያ ራሱ ያስተረጉም ነበር፤ በራሱ ሥራ ላይ የሚቀርብ ወቀሳ በጋሞኛ ሁለት ደቂቃ ተነግሮ በአማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይወጣል። ዋናው ድምፅ ሙሉ ይቀዳል፤ አዲስ አበባ ላይ ሌላ ጋሞኛ ተናጋሪ ይሰማዋል። መቅጃው ከአፍ አንድ ስንዝር ይርቃል። ደረት ላይ የሚሰካ ማይክ ጋቢ ሥር ከገባ የጨርቁ ሽክሽክታ ብቻ ነው የሚሰማው። ሲያበቃ ሁሉም ሠላሳ ሰከንድ ዝም ይልና የቤቱ ድምፅ ለብቻው ይቀዳል፤ ቪዲዮ ሲቆራረጥ የሚደፍነው እሱ ነው።

15 ፖስታ ደረሰ። የቀሩት ሦስቱ የሸማኔዎች ነበሩ፤ ሦስቱም አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ናቸው ተባልን።

ሐሙስ፣ ጥር 8፦ ካራት

ኮንሶ ሐሙስ መድረስ ስሕተት ነበር። ሰኞና ሐሙስ የኮንሶ ዞን ከተማ የካራት ገበያ ነው፤ መንደሩ ባዶ ነበር፣ ሰዉ ሁሉ ገበያ ወጥቷል። የመስክ መርሐ ግብር የሚያወጣ ሰው የገበያ ቀንን ከቀበሌው ሳይጠይቅ ቀን መቁረጥ የለበትም። ግማሽ ቀን ገበያው ዳር ተቀመጥን። ጨቃ በቅል 20 ብር፤ ከማሽላ የሚጠመቅ፣ ወፍራም፣ የምግብም የመጠጥም ሥራ የሚሠራ። ከእህል ዱቄት ተድቦልቡሎ የሚቀቀለው ኩርኩፋ ከሽፈራው ቅጠል ጋር ነበር። የሽፈራው ዛፍ እዚህ በየጓሮውና በየእርከኑ አለ፤ አዲስ አበባ ላይ በዱቄት ታሽጎ በውድ የሚሸጠው ይኸው ነው።

ገበያው ውስጥ ካሜራ አላወጣንም። በሕዝብ መካከል ማንን እንዳስፈቀዱ አይታወቅም። ከ10 ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ሲያጋድል እርከኖቹን ከርቀት አነሣን። የኮንሶ የድንጋይ ካብ ያለ ሲሚንቶ የተደረደረ ነው፤ አፈሩን ይይዛል፣ ውሃውን ያሰክናል። ዩኔስኮ በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ከ400 ዓመት በላይ የዘለቀ መልክዓ ምድር ነው። በቀትር ቢነሣ ካቡ ከአፈሩ አይለይም፤ የጎን ብርሃን ሲያገኝ እያንዳንዱ መስመር ጥላ ያበጃል። ድሮን ያለው ባልደረባ አለ፤ ያለ ኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር) ፈቃድ አይነሣምና ቤት ቀረ። በዚህ ምድር ላይ ከፊት ለፊት ያለው ኮረብታ ይበቃል።

አርብ፣ ጥር 9፦ የኮንሶ መንደር፣ አርባ ምንጭ

የበልጉ ዝናብ ሳይገባ ካብ ይጠገናል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሰዉ ወደ ሥራ ሳይወጣ ደረስን። ወጣቶች የሚያድሩበትና ሽማግሌዎች የሚሸመግሉበት ሞራ ጋ ተቀምጠን ቆየን፤ እንግዳ የት መግባት እንደሚችል አስቀድሞ ይጠየቃል።

አንዲት እናት ፖስታቸውን ተቀብለው ፎቶውን አዩና መለሱልን። በፌስቡክ ወጥቶ ሐዋሳ የሚኖር ዘመዳቸው አይቶታል፤ ከሥሩ ሴፍቲኔት ይቀበላሉ ተብሏል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ልጃቸው ሊያገባ ነውና እንዲወርድ ጠየቁ። ባለፈው ዓመት በጣት አሻራ ፈርመው ነበር። ቅጹ ግን በአማርኛ ብቻ የተጻፈ፣ «ለድርጅቱ ሥራ» ከማለት በቀር የት እንደሚወጣ የማይገልጽ ነው። ይህ ፈቃድ አይባልም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህማ የሕግም ጉዳይ ሆኗል። በአዲሱ ቅጽ ላይ ሪፖርት፣ ድረ ገጽ፣ ማኅበራዊ ሚዲያና ቢልቦርድ ለየብቻ ሳጥን አላቸው፤ ለሁለት ዓመት ብቻ ይጸናል፤ በኮንሶኛ ድምፅ ተቀድቶ ይሰማል፤ ግልባጩ ከስልክ ቁጥር ጋር ቤታቸው ይቀራል። ልጅ ከሆነ የወላጁም የልጁም እሺታ ይጠየቃል፤ ስም፣ ትምህርት ቤትና መንደር አንድ ላይ አይወጡም።

ሊወርድ የሚችለውንና የማይችለውን ለይተን ነገርናቸው። ከፌስቡክና ከድረ ገጹ በዚያው ሰዓት በስልክ አስወረድን። ፎቶው ለተላከላቸው አራት አጋር ድርጅቶች እንዲያወርዱት ተጻፈ። የታተመው ካሌንደር ላይ ያለው ግን እስከ ጳጉሜን በየግድግዳው ይቆያል። ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ። ከዚያ ቡና እንድንጠጣ ጠሩን።

ሌላ ቤት ፖስታው የአንድ ሽማግሌ ነበር፤ ባለፈው ክረምት አርፈዋል። ቤተሰቡ ሌላ ፎቶ የለውም። በ30 በ40 እንዲታተም ጠየቁ፤ ትዕዛዙ ተመዘገበ። ካቡን እንዴት እንደሚጠርቡ ያስረዱበት የ22 ደቂቃ ድምፅም በፍላሽ ተገልብጦ ለልጃቸው ይላካል። ከ25ቱ 24ቱ ደረሱ።

አርባ ምንጭ ማታ 1 ሰዓት፦ የጫሞ አሳ ጥብስ 300 ብር፣ በመንገድ ዳር ሙዝ ኪሎው 35። ካርዶቹ በሁለት ሃርድ ዲስክ ተገለበጡ፤ አንዱ በሹፌሩ ቦርሳ፣ ሌላው በሌላ ሰው ቦርሳ። ካርዱ ላይ ያለው አይሰረዝም፣ እስከ አዲስ አበባ ሦስተኛ ቅጂ ሆኖ ይቆያል።

ቅዳሜ፣ ጥር 10፦ ወደ አዲስ አበባ

ከተራ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥተን ቡታጅራ ላይ ምሳ በላን፤ ሰኞ የቀረው ክትፎ። ከ9 ሰዓት በፊት ከተማ ካልተገባ ታቦታቱ ሲወጡ መንገዱ እንደሚዘጋ አውቀናል፤ አለም ገና ላይ ግን ጎማ ፈነዳ፣ ትርፉ ጎማ አየር አልነበረውም። ጀሞ 10 ሰዓት ተኩል ስንደርስ ዋናው መንገድ በምእመናን ተሞልቶ ነበር። መኪናውን አቁመን የካሜራ ሣጥኑን ተሸክመን በእግር ገባን።

ማክሰኞ፣ ጥር 13፦ ሽሮ ሜዳ

ስድስት ፖስታ ቀርቶ ነበር። ሁለቱ ለወላይታው ቀበሌ በመዝገብ ተላኩ፣ የኮንሶዋ እናት ፎቶ ከማኅደሩ ወጥቶ ፖስታው ላይ «አይወጣም» ተባለ። ሦስቱን ይዘን ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣን። ከዋናው መንገድ ጀርባ ባሉት ቤቶች የሽመናው ጉድጓድ እንደ ጨንቻው ነው፤ ልዩነቱ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ የቤት ኪራዩ በወር መሆኑ ነው። ሁለቱን ወዲያው አገኘናቸው። ሦስተኛው፣ በዕድሜ የገፉት፣ ፎቶውን ወደ በሩ ብርሃን አዙረው ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ልጃቸውን አስነበቡት። «ጋቢ ሲሸምኑ» ይላል። ቡሉኮ ነው አሉ፤ ድሩ ወፍራም መሆኑ አይታይም ወይ? እስክሪብቶ ተቀብለው ቃሉን ራሳቸው ሰረዙት።